ሳልታመም ህንድ መሄድ

ቅዳሜ፣ ብሩክሊን ፓርክ

ዛሬም አለቀሱልኝ። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ትናንት ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ ጫማዬን እያጠለቅሁ "ማክሰኞ ህንድ ልሄድ ነው" አልኩ። በቃ። እኛ ዘንድ ህንድ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው። የእኛ ሰው ህንድ የሚሄደው ወይ ኩላሊት ሊያስቀይር ወይ ልቡን ሊያስከፍት ነው። ሌላ ህንድ የለም። ጓደኛዬ ዘይነባ ክንዴን ያዝ አድርጋ "አላህ ያሽርሽ" አለችኝ። "ኧረ እኔ ለሽርሽር ነው" አልኳት። ዐይኗ እንባ ሞላ።

ዛሬ ከሰዓት የመስጊዱ ሴቶች ድስት ድስታቸውን ይዘው መጡ። ዱዓ አደረጉልኝ። ዱዓ መቼም አይጠላም፣ አሚን አልኩ። በኋላ አንዷ ቀስ ብላ "ሐኪሙ የነገረው ለአንቺ ነው ወይስ ለሂክማ?" ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ሂክማ ልጄ ናት። ለካ በሽታዬን የደበቀችኝ መስሏቸዋል። እኛ ለታመመ ሰው በሽታውን አንነግረውም፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ እያልን ነው የምንሸኘው። ስለዚህ ደህና ነኝ የሚል ሰው ማለት ገና ያልተነገረው ሰው ነው። ከዚህ እንዴት ተብሎ ይወጣል?

ልቤ እስኪደርቅ አስረዳሁ። "ስሙኝ፣ ጫካ ያለበት ተራራ ላይ በእግሬ ልሄድ፣ ብስክሌት ልነዳ ነው።" ከዚያ ዘይነባ ለጎኗ ሴት "በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል ማለት ነው" ስትል ሰማኋት።

ሂክማ ኩሽና ገብታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "ማሚ፣ ኢትስ ሶ ፈኒ።" እኔን አላሳቀኝም። በሕይወቴ አንዴ ለራሴ ብዬ ልወጣ ስል ሬሳ አደረጉኝ።

እሑድ

ታላቅ ወንድሜ ጋሽ እንድሪስ ከፍሮግታውን ሰፈር መጣ። እሑድ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም፤ ዛሬ ዘጋ። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "ንገሪኝ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ያገኙብሽን።"

ከወሬ ሥራ ይሻላል ብዬ ጋራዥ ይዤው ሄድኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁና ሰፈሩን ዞሬ መጣሁ። አላለከለክሁም። ማለትም ብዙ አላለከለክሁም። እሱ እኔን ሳይሆን የጎረቤቶቹን መስኮት ነበር የሚያየው። ግን አመነኝ። ካመነኝ በኋላ ደግሞ ባሰ።

"እና ካልታመምሽ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ዛፍ አያለሁ።"

"እዚህ ዛፍ የለም?"

"አለ። ተራራ ነው የሌለው።"

"ስጠየቅ ምን ልበል? እህቴ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ብስክሌት ልትነዳ ህንድ ሄደች ልበል?"

"አዎ፣ እንደዛ በል።"

"አልልም።"

ድምፁን ዝቅ አደረገና ማስታረቂያ አመጣልኝ። "ለጉልበትሽ ነው እንበል። እኔም እንደዛ እላለሁ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።"

ውሸቴን አልጻፍም፣ አማረኝ። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ይመርቀኛል፣ ሻንጣዬን ይሸከምልኛል፣ ስመለስም በግ ይዞ ይጠይቀኛል። ለመታመም ሁሉም ይፈቅድልኛል፤ ደስ እንዲለኝ ግን የሚፈቅድልኝ የለም። ይሄ ነው ያናደደኝ። "ጉልበቴ ደህና ነው ጋሼ፣ አልዋሽበትም" አልኩት። ተነሳ። "እንግዲያው እኔ የለሁበትም። ኤርፖርትም አልሸኝሽም" አለና ምሳ ሳይቀምስ ሄደ። ከቤቴ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም። ያቀረብኩትን መልሼ ፍሪጅ ስከት አለቀስኩ።

ደሴ ልጆች ሳለን እሱ ብስክሌት ሲከራይ እኔ ቁልቁለቱ ሥር ጃኬቱን ይዤ እጠብቀው ነበር። አንድ ዙር ብቻ ስጠኝ ስለው ሴት አትነዳም አላለኝም። ሰው ያየናል ነው ያለኝ። ያኔም ሰው፣ አሁንም ሰው። ይሄ ሰው የሚባለው ፍጡር ግን ሌላ ሥራ የለውም?

ሰኞ

ከእረፍት በፊት የመጨረሻዋ ሺፍቴ። ሱፐርቫይዘሬ "ሃቭ ፈን" ብሎኝ አለፈ። ከሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ የለቀቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣችብኝ ከጎኔ ቆማ ካርቶን የምታሽገው ሚና ናት። ተወልዳ ያደገችው ተራራው ላይ ነው። ኮዳይካናል ይባላል፤ ስሙን ለመጥራት ምላሴን ሰብሬያለሁ። ወንድሟ እዚያ ቤት አለው፣ እሷም ለእረፍት እየሄደች ነው። ክረምቱን ሙሉ ካርቶን እያሸግን ስለ ጫካው ስታወራልኝ ከረመች። አንድ ቀን "ለምን አብረሽኝ አትመጪም?" አለችኝ። ለምን እንደማልሄድ ሳስብ፣ ሳስብ፣ ምክንያት አጣሁ።

ከሥራ ወጥቼ ሚሲሲፒ ዳር ባለው መንገድ ብስክሌት ነዳሁ። ጥጋ ጥጉ ላይ ጥቁር በረዶ አለ። ድልድዩ ጋ ያለችውን አቀበት ሳልወርድ ወጣኋት። ወላሂ ሳልወርድ። ግን ጫፍ ላይ ስደርስ ግራ ጎኔን ወጋኝና ድንጋጤ ያዘኝ። ሰው ሁሉ ታመሻል ሲልሽ ትንሽ ያምሻል። ምናልባት እውነት ሂክማ የደበቀችኝ ነገር ይኖር ይሆን? ቤት ገብቼ ዐይን ዐይኗን አየኋት። "ዋት?" አለችኝ። ምንም። ምሳ ላይ የበላሁት ባቄላ ነው።

ሻንጣ፦ ሱሪዎች፣ ሰፊው ቀሚስ፣ የዝናብ ጃኬት፣ የብስክሌት ጓንት፣ በሶ፣ መስገጃ። ዘይነባ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ልካለች፣ "ከኦፕሬሽን በፊት ትቀባው" ብላ። ከተትኩት። ለቆዳ ጥሩ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤርፖርት

ያደረሰችኝ ሂክማ ናት። ለጋሽ እንድሪስ "ልገባ ነው፣ አፉ በለኝ" ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል። አልመለሰም።

ካንስል ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር። ሚናን ሳያት እንደ ልጅ እየዘለለች ነው። ገባሁ።

ሐሙስ፣ ኮዳይካናል

መኪናው ተራራውን ሲዞር፣ ሲዞር አስመለሰኝ። ሹፌሩ ለምዶታል መሰለኝ፣ ፌስታል ወደ ኋላ ያቀበለኝ ሳይዞር ነው። እላይ ስንደርስ በሩን ከፈትኩ፣ ሸተተኝ፣ ቀና አልኩ። ባሕር ዛፍ። ግማሽ ዓለም በርሬ ባሕር ዛፍ። ሚና ምን እንደሚያስቀኝ ግራ ገባት።

ብርድ አለ፣ ደስ የሚል ብርድ። ጉሙ በመስኮት ሊገባ ምንም አይቀረው። የሚና ወንድም ሚስት ሩዝና የሚያቃጥል መረቅ ሰጠችኝ፤ ቃሪያ እንደማልፈራ ስታይ ወደደችኝ።

ስልኬን አየሁ። ከጋሽ እንድሪስ ምንም የለም።

ዓርብ

ጠዋት ከሚና ጋር በእግር ወጣን። ጫካው ከአስፋልቱ ሁለት እርምጃ ገባ ሲሉ ይጀምራል፤ ጥድ ነው፣ መሬቱ ለስላሳ፣ የእግርሽ ኮቴ አይሰማም። ግንዱ ሁሉ የዛፍ ሽበት ለብሷል። ከጥዱ በታች አሮጌው ጫካ አለ፣ ዛፎቹ አጫጭርና የተጣመሙ፣ ውኃ ከየሥሩ የሚንጠባጠብበት። አንድ ቦታ ላይ ሚና እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ። ጎሽ፣ የአልጋ ስፋት ያለው ጎሽ መንገዱ ላይ ቆሟል። እሱ አየን፣ እኛም አየነው፣ ሲሰለቸው ሄደ። እኔ ሚና ጀርባ ተለጥፌ ነበር። ሚና ትስቅብኛለች፣ እሷም ግን ላብ በላብ ናት።

ከሰዓት ሐይቁ ዳር ብስክሌት ተከራየሁ። አከራዩ አየኝና ለሁለት ሰው የሚሆነውን አወጣልኝ፤ ከፊት የሚነዳልኝ ሰውም ጠራ። እጄን አወዛወዝኩ። ማርሽ ያለውን እያሳየሁ "ያንን" አልኩት። ሐይቁን ዞርኩት፣ ሚና በእግሯ እየተከተለች ቪዲዮ አነሳችኝ። ፊቴ ላይ ነፋሱ ሲመጣ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ቪዲዮው ላይ አለ። ለጋሽ እንድሪስ ላክሁለት። ለሴቶቹ ግሩፕም ላክሁ፣ ይዩኝ ብዬ።

ዘይነባ ወዲያው መለሰች፦ "አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኒቱ ያዘላት።"

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ

ዛሬ እውነተኛው መንገድ። ከከተማው ወጥቶ በጫካው መሐል ወደ ላይ የሚሄደው። ሚና በወንድሟ ሞተር ከኋላዬ። ግማሹን ነዳሁ፣ ግማሹን ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁ፤ ማንንም አላፍርም። ጦጣዎቹ የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ተደርድረው እንደ ዘመድ ያዩኛል። ጉሙ ከፈት ሲል ታች ያለው ሜዳ ታየኝ፣ መንደሩ፣ መንገዱ፣ ሁሉም ከእግሬ ሥር። ቆሜ "እኔ ሰዓዳ ነኝ" አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን። ምን እንደያዘኝ አላውቅም።

ቁልቁለቱ ላይ ወደቅሁ። እርጥብ ቅጠል ነው። መዳፌ ተላጠ፣ ክርኔ ደም በደም ሆነ። ሚና ክሊኒክ እንሂድ ብላ ለመነችኝ። "ህንድ አገር ሐኪም ቤት እግሬ አይረግጥም" አልኳት። አልገባትም፣ እንዴት ይገባታል? መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ውኃ አፈሰሰችልኝ፣ በሻሼ አሰርኩት። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ተመልሼ ወጣሁና እስከ ቤት ነዳሁ። ፈርቻለሁ፣ ግን አልወረድኩም።

ለሂክማ ነገርኳት። እሷ መቼም አፏ አያርፍም። ከመግሪብ በኋላ ጋሽ እንድሪስ ደወለ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ቀድሜ ልቆጣ ተዘጋጀሁ።

"ወደቅሽ አሉ።"

"አዎ፣ ወደቅሁ።"

"ፍሬኑ ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"ቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ አትያዢ። ሁለቱንም፣ ቀስ እያልሽ።"

"እሺ ጋሼ።"

ልሰናበተው ስል ቀጠለ።

"ትናንት ሱቅ ውስጥ ስለ አንቺ ጠየቁኝ" አለ። "ቤቱ ሙሉ ነበር።"

"ምን አልካቸው?"

"ደህና ናት አልኩ። ምንም አላመማትም፣ ብስክሌት ልትነዳ ነው የሄደችው አልኩ።"

"እነሱስ?"

"አንዱ ሳቀ።"

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ይሳቅ" አለ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አለቀስኩ። ክርኔ ያቃጥላል፣ ትንሽም አብጧል። ነገ ዝናብ ካልያዘው ሌላኛውን መንገድ እሞክራለሁ።