ከሱሉልታ የታክሲ ሰልፍ ለአቶ ሶያማ፣ ስለ ርቀት ነጥባችን

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሱሉልታ

ለተከበሩ አቶ ሶያማ አትክልት
የ«ይናገሩ» የጥሪ ማዕከል የሰው ሀብት ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በእኛ ሠፈር ወግ አከም ጅርቱ፣ በመሥሪያ ቤታችን ወግ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ እኔ የእንጦጦ ብርድ ድምፄን ትንሽ ከማሻከሩ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ለሁለት ዓመት ተኩል ከቤቴ ሆኜ የደንበኞችን አቤቱታ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በስልክ ስቀበል የኖርኩት ዱርሲቱ ኩምሳ ነኝ። በመልክ ባያውቁኝም በሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያውቁኛል። ሦስተኛው ስንብት እንደሆነ በማያሻማ ቋንቋ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

ከመስከረም ጀምሮ ሁላችንም ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ተገኝተን አሻራ እንድንሰጥ፣ በታኅሣሥ በሚደረገው የሠራተኛ ቅነሳም ቤቱ ከቢሮ የራቀ ሠራተኛ በየኪሎ ሜትሩ ነጥብ እንዲቀነስበት ያወጡትን መመሪያ በታላቅ አክብሮት አንብቤዋለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፤ አባባሉ አንቀጽ ተሰጥቶትና ማኅተም ተመትቶበት ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው። ከሰበታ የሚመጣው ዲሪርሳና ከቡራዩ የምትመጣው ራዲያም እንደ እኔው የነጥብ ድሆች ስለሆኑ፣ የሚከተለውን ምስጋና በሦስታችን ስም ይቀበሉልኝ።

1. ጎረቤት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ቤቴ ሆኜ ስሠራ የሠፈሬን ሰው በቅጡ አላውቀውም ነበር። ዛሬ ግን በየንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ስለምንገናኝ፣ የቤት ደላላውን ሐምዱን ጨምሮ ሰባት ሆነን የሰልፍ ማኅበር አቋቁመናል፤ በዚያ ሰልፍ ላይ የማይሰማ ወሬም የለም። በየቀኑ አንድ ተረኛ ቀድሞ ወጥቶ ሰባት ድንጋይ ይደረድርና ለሁላችንም ተራ ይይዛል። በደንባችን ተረኛው ሌሎቹን አሳፍሮ መጨረሻ ይገባል። ጥቅምት 18 ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ስድስቱን በክብር አስገብቼ እግሬን ሳነሳ ወንበር አለቀ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ ከሁሉም ቀድሜ በመነሳቴ መሆኑን ማኅደሬ ላይ ቢያሰፍሩልኝ ደስ ይለኛል።

2. ስለ አሻራ ማሽኑም ምስጋናዬ የላቀ ነው። በሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ዕለት ሦስት መኪና ቀይሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበርኩ፤ በሩ ግን በመመሪያው መሠረት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አይከፈትም። ሲከፈትም ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ስለነበር ማሽኑ አላውቅሽም አለኝ። ጥበቃው ኦቦ ጋሮማ የራሳቸውን የሻይ ብርጭቆ አስጨብጠው ጣቴን ቢያሞቁልኝም፣ ማሽኑ ዝምድናችንን ያመነው ከሰባት ደቂቃ በኋላ ነው። ለኦቦ ጋሮማ ሻይ እርስዎ ምስጋና ይጻፉላቸው፤ የእኔ ደብዳቤ ነጥብ አይጨምርላቸውም።

3. ቢሮው ለሁላችንም የሚበቃ ወንበር ስለሌለው ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ፤ ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ። ማሽኑ አላውቅሽም ባለኝ ዕለት መጀመሪያ ያነሳሁት ስልክ ከሱሉልታ የተደወለ ነበር።

አሁን ቀልዱን ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ይህ ሥራ የእኔና የእናቴ ጉሮሮ ነው። ሥራዬን ደግሞ እወደዋለሁ፤ ተቆጥቶ የደወለ ሰው መርቆኝ ሲዘጋ ቀኔ ይበራል። እንዲህ እየሳቅሁ ልጻፍ እንጂ የስም ዝርዝሩ የሚለጠፍበትን ቀን በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታኅሣሡ ቅነሳ እስከ ጥር መጨረሻ ይዘግይልን፣ መመሪያውም ያኔ አንዲት ቃል ሳትለወጥ በሁላችንም ላይ ይፈጸም።

እንቅልፌን ቀንሰው ወዳጅ ላበዙልኝ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና አጭር መንገድ እየተመኘሁ፣ ስደርስ እንጂ ስነሳ ዘግይቼ የማላውቅ

ታዛዥዎ ዱርሲቱ ኩምሳ
(ስፈርም ጣቴ ሞቆ ነበር)

ማሳሰቢያ፦ ለምን እስከ ጥር እንዳልኩ ሳይገርምዎ አልቀረም። ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሐምዱ እንዳበሰረኝ፣ የመሥሪያ ቤታችን ባለቤቶች የከተማው ኪራይ ስለከበዳቸው ከጥር ጀምሮ ቢሯችንን ወደ ሱሉልታ ያዛውሩታል፤ በሕንፃው ኪራይ ያስማማቸውም እሱ ራሱ ነው። ምናልባት ለእርስዎ አልነገሩዎት ይሆናል። አዲሱ ቢሮ ከቤቴ በእግር አራት ደቂቃ ነው። እርስዎ ከሚኖሩበት ከአያት ግን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የሚቀነስብዎትን ነጥብ ላሰላ ብዬ አዘንኩና ተውኩት። ነግ በእኔ ብዬ ጉዳይዎን ለማኅበራችን አቅርቤ ነበር፣ ሁሉም በሙሉ ድምፅ ተቀብሎዎታል። ማኅበሩ ለእርስዎ ሲል የማታ ሰልፍም ስለጨመረ፣ ማታ ከሱሉልታ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ስምንተኛው ድንጋይ የእርስዎ ነው፤ ተረኛ በሆኑ ቀን ግን መጨረሻ እንደሚገቡ ከወዲሁ ይወቁት።