በርበሬ ባትልክም

ውድ ጋሼ፣

በርበሬው አልቋል። ደስ ይበልህ።

ዕቃውን ገልብጬ ቂጡን በማንኪያ መታ መታ አደረግሁት። ትንሽ ቀይ አቧራ ወረደ። እሱንም ሽንኩርት ላይ ነስንሼ በላሁ። «ካልተመለስሽ አንዲት ማንኪያ አልክልሽም፤ ርቦሽ ትመጫለሽ» ያልከኝ ቀን ስቄ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ዕቃውን በእጄ አንስቼ ክብደቱን ገመትኩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቁም ሳጥኑን እከፍታለሁ። ፍርሃት ይሁን ረሃብ ለይቼ አላውቅም።

አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ። አልረሳሁም። ለቅዳሜ የአውሮፕላን ቲኬት እንደቆረጥክልኝ፣ ከሱቅህ ጀርባ ያለውን ክፍል ቀለም እንዳስቀባኸው፣ ከባንኮኒው ኋላ የምቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር እንደገዛህ ነግረኸኛል። ትመጫለሽ ወይ ብለህ ግን አልጠየቅኸኝም።

ስለዚህ ስለ አንድ አትክልት ልጻፍልህ።

የሆቴል አንሶላ ከምንተኩስበት ምድር ቤት ወጥቼ፣ ጉሮሮዬ እንደደረቀ፣ አትክልት ሻጩ ጋ ጎራ አልኩ። ጎመን የመሰለ ቅጠል አየሁ። ልቤ ዘለለ። ቅጠሉ የበቀለው ግን የተጨበጠ እጅ በሚያህል አረንጓዴ ኳስ ላይ ነው። ሻጩ ቅጠሉን ቀንጥሶ ሊጥለው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተወው፣ ቅጠሉን እፈልገዋለሁ።»

«ጥንቸል ታረቢያለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አንዲት ትልቅ አለችኝ።»

ሳቀና ሌሎች ገዢዎች ትተውት የሄዱትንም ቅጠል ጨመረልኝ።

ቤት ገብቼ ኳሱን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኩት። ቅጠሉን እናታችን እንደምታደርገው ከትፌ ጣድኩ። ኩሽናው የጋራ ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ እማማ ሻይ ሊያፈሉ ገቡ። ከቀሚሳቸው ላይ የክር ቁራጭ የማይጠፋ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የዚህ አገር ሴት ናቸው። ቅርጫቱን አይተው ጮኹ።

«የኔ እመቤት፣ ምግቡን ጥለሽ ክዳኑን ነው የምትበይው?»

«እኛ ጋ የሚበላው ቅጠሉ ነው፣ እማማ።»

«እኛ ጋ ቅጠሉን የሚበላው በግ ነው። ትቀምሻለሽ ወይስ ትከራከሪያለሽ?»

«ሁለቱንም።»

ኳሱን ከቅርጫቱ አውጥተው አጠቡት። ወፍራም ልጣጩን በቢላዋ ገፈው አንድ ቁራጭ በጥሬው አጎረሱኝ። ቀጭ አለ። ውሃ አለው፣ ጣፋጭ ነው፣ መጨረሻ ላይ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። ማንም ሳይልክልኝ፣ ማንም ሳይከለክለኝ አገኘሁት።

ከዚያ ቢላዋውን ተቀበልኳቸው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት ስጀምር እማማ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ኧረ ይቃጠላል!»

«አይቃጠልም። እጄን አምነው ይቀመጡ።»

ዘይቱን አስከተልኩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ። ኳሱን ከትፌ ጨመርኩ። የተቀቀለውንም ቅጠል ከላይ። እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ልማዱ ሆኖ ወደ ባዶው የበርበሬ ዕቃ ሄደ። እዚያ ትንሽ ቆየ። ተመለሰ።

የኛን ወጥ አይመስልም። የእነሱንም አይመስልም። እማማ መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ ነካ አደረጉት። ቀጥሎ ድስቱን በዳቦ ጠራረጉት።

«ለበግ ይበዛበታል» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ።

ጋሼ፣ አንተ የተማመንከው በረሃቤ ነበር። እኔም ተማምኜበት ነበር መሰለኝ። አንድ ቀን እጅ ያሰጠኛል፣ እኔ አልወሰንኩም፣ ሆዴ ነው የወሰነው እላለሁ ብዬ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። አሁን ያ ሰበብ የለኝም። ይህ ከረሃቡ የበለጠ ያስፈራል። ማታ በሩን ቆልፌ ተመልሼ እነካካዋለሁ። ብታመምስ? ሥራው ቢቀርስ? ግን እየፈራሁም እዚሁ እቀራለሁ።

ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመህ እንዳትጠብቀኝ። ክፍሉን አከራየው፤ ወንበሩ ላይም መቀመጥ የሚፈልግ ሰው አስቀምጥበት። እኔ ቅዳሜ ምሳ እንግዳ አለብኝ። ዳቦው ከእማማ ነው፣ አትክልቱ ከእኔ።

በርበሬ መላክ ካማረህ ላክ፣ ደስ ብሎኝ እጨምርበታለሁ። ባትልክም ድስቱ ይጣዳል።

የምትወድህ፣ የማትመጣው

እህትህ