ለገብረ ጻድቅ ያስተኛሁት ጠርሙስ

ጥቅምት 9 ቀን 1970፣ አንኮበር

ብርድ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ የወይን ጠርሙሱን ደግሞ አቁማዋለች። ምድር ቤት ወርጄ አስተኛሁት። ቡሹ ካልረጠበ ይደርቃል፣ ከደረቀ አየር ይገባል፣ ወይኑ ይበላሻል... ለስንተኛ ጊዜ ልንገራት?

"ምነው ዘሩ፣ መጠጥ ይተኛል እንዴ? በሽተኛ ነው?"

ከሷ ጋር ማን ይሟገታል።

ገብረ ጻድቅ ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር። እንደ ልማዱ ሻማ ከጠርሙሱ ኋላ ይዞ ቀለሙን አየ፣ ሥሩ የረጋውን አተላ አየ። ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ተማሪ ሳለን ምሳ እየዘለልን የገዛነው ነው። ሻጩ ሽማግሌ "ሃያ ዓመት አትንኩት" ብሎን ነበር። ልንደርስ ነው... ትንሽ ቀረን። እኔ እንኳ መጠጣት እንጂ ማሽተት አላውቅበትም። የሱ አፍንጫ ግን ለጉድ ነው! ዝናብ ጣርማ በር ላይ ሳለ እዚህ ይሸተዋል። "አንተ ትቀዳለህ፣ እኔ አሸታለሁ" ተባብለናል። ያለ እሱ አልከፍተውም።

ኅዳር 21

ገብረ ጻድቅን ወሰዱት። ትናንት፣ ከቢሮው። ሚስቱ አመተ ማርያም በጭነት መኪና መጥታ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። "ምን አደረገ አሉ?" ብላት፣ "እሱንማ እነሱም አያውቁት" አለች።

ታኅሣሥ 4

ስንቁን ተቀበሏት። አለ ማለት ነው። ስንቁ የተመለሰ ቀን ግን... አልጽፈውም።

የካቲት 17

አሰሳ። አብዮት ጠባቂዎች ገና በጠዋቱ መጡ፤ ምድር ቤትም ወረዱ። የፈረንሳይ ወይን ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ ምን እንደሚባል አጥቼው ነው? አድኃሪ። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማሃል።

ባዶ እጃቸውን ወጡ። ለካ እማዬ ቀድማ ከላምባ ጠርሙሶች መሃል አቁማዋለች፤ ወረቀቱንም ጥላሸት ቀብታዋለች።

"አየህ? ቢተኛ ኖሮ ይጠይቁ ነበር።"

ግንባሯን ሳምኳት። ሲሄዱ መልሼ አስተኛሁት።

ሐምሌ 3 ቀን 1971

ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለሚ ተመድበሃል ተባልኩ። እምቢ ማለት አለ እንዴ? እማዬን አስማልኳት፤ እንዳታቆሚው አልኩ። "በሚካኤል አላቆመውም" አለች።

ገብረ ጻድቅ አሁንም እዚያው ነው። ሚስቱን እንኳ አያገናኟትም። የታጠበ ልብስ ታስገባለች፣ የቆሸሸ ትቀበላለች። አንዴ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ደም ነበረው። "ነስር ይሆናል" አለችኝ። እኔም "ነስር ነው" አልኳት። ሁለታችንም!

ጥር 26 ቀን 1972

ከለሚ ገባሁ። ምድር ቤት ወረድኩ፤ ጠርሙሱ የለም። ምድጃው ጥግ አገኘሁት፣ በእማዬ ነጠላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አላቆመችውም፤ ምላልኛለቻ! ነካሁት። ይሞቃል። ቡሹ ካንገቱ ወጣ ብሏል፣ ነጠላው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

"እማዬ! ምን አደረግሽ?"

"ጠጅ እንኳ ሙቀት ካላገኘ መቼ ይበስላል? ያ ልጅ ሲፈታ ብርዝ ሊጠጣ ነው? ያን ሁሉ ዓመት ብርድ ላይ ጥለኸው..."

ጮህኩባት። ጮኼባት አላውቅም ነበር። "ለሱ ብዬ እኮ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቡሹን ገፍቼ ምድር ቤት መለስኩት። ምናልባት አልተበላሸም ይሆናል... ሞኝ።

መስከረም 6 ቀን 1974

ተፈታ! ለአብዮት በዓል ምሕረት ነው አሉ። ለምን እንዳሰሩት አልነገሩትም፤ ለምን እንደፈቱትም። ቅዳሜ ይመጣል። ሃያ ዓመቱም ሞልቷል።

መስከረም 9

መጣ። ባላውቀው ኖሮ ሽማግሌ መስሎኝ ከመቀመጫዬ እነሳለት ነበር። አፍንጫው ጠሟል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

"ወይኑ አለ?" አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

ከፈትኩት። ቡሹ ሲወጣ ሽታው መጣ። አቼቶ! እኔ እንኳ፣ ማሽተት የማላውቀው ሰውዬ፣ ክንድ ርቄ ሸተተኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ቀዳሁለት።

ብርጭቆውን አዟዟረ። አፍንጫውን ከተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ልክ እንደ ድሮው...

"እርጥብ መሬት" አለ። "ቆዳ። ትንሽ እንጆሪ። ዘርአ ዳዊት፣ ሽማግሌው እንዳለው ሆኗል እኮ!"

እማዬ ከጓዳ ተጣራች፤ "ዘሩ፣ አቼቶው ተደፋ እንዴ? ቤቱን ሞላው!"

ዓይኑን ገለጠ። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"አይሸተኝም" አለኝ በሹክሹክታ። "ከመቱኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። የልጄም ጠረን አይመጣልኝ።"

"ታዲያ ለምን...?"

"ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀህልኝ ምን ልበልህ?"

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ልደፋው ብዬ እጄን ብዘረጋ ያዘኝ። "ተወው። መጎምዘዙ ይሰማኛል" አለ። ብርጭቆውን ጨለጠው። ደግሞ ቅዳልኝ አለ። እኔም ቀዳሁ፤ አብሬው ጠጣሁ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። አተላው ብቻ ቀረ።

መስከረም 10

ገብረ ጻድቅ በጠዋት አውቶቡስ ሄደ። እማዬ ጠርሙሱን አጥባ ላምባ ሞልታበታለች። መደርደሪያው ላይ ቆሟል። አላስተኛሁትም።

"ጥሩ ነበር ወይ?" አለችኝ።

"ጨርሶት ሄደ እኮ፣ እማዬ።"

ፊቷ በራ። ከዚያ ከጮህኩባት ቀን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"ሙቀቱ ነዋ! አላልኩህም?"

"ብለሽኛል" አልኳት።