ጤፉ እስኪነሳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አራተኛ ክፍለ ጊዜ፣ 11ኛ ሐ። ከጦርነት ተመልሶ መናገር ያቃተው የአንድ ወታደር አጭር ልብ ወለድ። ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝ በጥያቄ ነው፦ የማን ወታደር ነው? ደራሲው አልነገረንም አልኳቸው። ግማሹ ክፍል ተቆጣ። ወገኑ ሳይታወቅ እንዴት ይታዘንለታል ተባልኩ። ገና ጢም ያላወጡ ልጆች! ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልሆነ ለማን እነግራለሁ፤ ጠመኔውን ልወረውር ምንም አልቀረኝ።

የቤት ሥራ፣ ሁለት ገጽ፦ ጦርነት የነካው ቤት ውስጥ የማይነገረው ምንድን ነው? የምታውቁትን ብቻ ጻፉ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8፣ 11 ሰዓት

እርማት። ሰላሳ ፉከራ አንብቤ ራሴን አመመኝ። ከዚያ የየሺ ደረሰ።

የሺ ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ እዚህ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ የምትማር ናት፤ ከክፍሉ አንደኛ። ወንድሟ አንማው ሞቷል። አገሩ ሁሉ ያውቃል። እናቷ እትዬ ጥሩ ግን አልተረዱም። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘውታል፣ ጤፉ ታጭዶ እስኪነሳ። እናትየው በየገበያው ከቡሬ የሚመለሰውን ሁሉ ልጄን አያችሁልኝ ይላሉ። ደህና ነው አሉ ይባላሉ። ለየሺም የነገራት የለም፤ አጎቷ ከቄሱ ጋር ሲመክር ሰምታ ነው። ቤቷ ስትሄድ ከእናቷ ጋር ትስቃለች። የየትኛው ወገን ወታደር እንደነበር አንድም ቦታ አልጻፈችም።

ለዚህ ከአሥር ስንት ይሰጣል? ሳላርም አስቀመጥኩት። ሳናግራት አንድ ቃል ብቻ፦ «አደራ ቲቸር፣ እናቴ እንዳትሰማ።»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ተቃጠልኩ። የአማርኛ ክፍል ተጠሪው ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ አንብቦታል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ መጣ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የወላጆች በዓል ነው፤ በድምፅ ማጉያ ይነበብ አለ። እናቷ አልተረዱም፣ ደግሞ ልጃቸው ስለምትሸለም ይመጣሉ አልኩት። ስም እንቀይራለን አለ። እናት የልጇን ታሪክ በስም ብቻ የምታውቀው መስሎታል። ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት አለ፦ የማን ነበር፣ ለማን ሞተ። ያለዚያ ሰው ለማን ብሎ ያጨበጭባል?

ያጨበጭባል ነው ያለው። እናቱ ገና ላላለቀሰችለት ልጅ።

ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ፕሮግራሙ ታትሟል፣ የበላይ አካል ይገኛል፣ ነገር አታክርሪ አሉኝ። የሺን ቢሮ ጠርተው ጨምሪ አሏት። እምቢ አለች። ወረቀቱ ግን ኮፒ ተደርጓል፣ እሷ ባትጨምር ተጠሪው ራሱ ይጨምርበታል። ሬሳውን እንኳ ላላዩት ሰው ይኸው ወገን ሊመድቡለት ተነሱ። ምን ዓይነት ጊዜ ላይ ደረስን?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ከየሺ ጋር ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። አጎቷን አያ ታደለን ቄሱ ቤት አገኘናቸው። ነገሩን ነገርኩ፤ ከመጪው ቅዳሜ በፊት እትዬ ጥሩን ያርዷቸው አልኩ። አይሆንም አሉ። ያኔ ለሽማግሌ የማይገባ ቃል አመለጠኝ፦ ጤፍ ከልጅ በለጠባችሁ ወይ?

አልተቆጡም። መርዶ ከተነገረ ሐዘንተኛ ደጅ አይወጣም፣ ለቀስተኛው ይጎርፋል፣ ጤፉ ማሳው ላይ ይረግፋል። እትዬ ጥሩ ባል የላቸውም፤ ወንድ ልጃቸው እሱ ብቻ ነበር። ልጅም እህልም ይጡ ወይ? «ጨክነን መሰለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

እውነት አላቸው። ንዴቴ ግን አለ፤ የማሳርፍበት ቦታ ነው ያጣሁለት። ቄሱ፣ እንግዲያው ማክሰኞ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይውጣ አሉ። ጤፉ በአንድ ቀን ይነሳል። መርዶው በማግስቱ፣ ገና ሲነጋ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14፣ አያ ታደለ ቤት

ከሥራ ቀረሁ። ደመወዜን ይቁረጡ።

ሰው ማሳውን ሞላው። በዚህኛው ወገን ልጅ ያለው አለ፣ በዚያኛውም አለ፤ የማይነጋገሩ ሁለት ቤተሰቦች ጎን ለጎን ሲያጭዱ አየሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አልነበሩም፤ ቢኖሩ ደግ ነበር። እኔ ጣቴን ቆርጬ ነዶ ወደ መሸከም ወረድኩ።

እትዬ ጥሩ ግራ ገብቷቸዋል። ሳይጠሩት የሚመጣ ደቦ አያውቁም። ያላቸውን ጠላ ጨርሰው ከጎረቤት ተበደሩ። እንስራውን እያሸከሙ በየረድፉ ይቀዳሉ፣ ይመርቃሉ፣ በአንዳንዱም ይቀልዳሉ። ሳቃቸው ቁርጥ የየሺ ነው። እኔን የየሺ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ግንባሬን ሳሙኝ።

ወደ ማብቂያው ግድም መሃል ማሳ ቆሙ። አንማው ሲመጣ የእያንዳንዳችሁን ውለታ በጉልበቱ ይመልስላችኋል፣ ልጄ ጉልበቱን አይሰስትም፣ ለዚያ ቀን ያድርሳችሁ አሉ።

ምርቃት ያለ አሜን አይቀርም። ሁሉም አጎነበሰ። የማጭድ ድምፅ እንኳ ቆመ። እትዬ ጥሩ ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። የሺ ነዶዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ «አሜን፣ እማ» አለች።

አሁን ጤፉ ተነስቷል። ተጠሪው ሦስት ጊዜ ደውሎ አላነሳሁለትም። ነገ ሲነጋ ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም እገባለሁ። ቅዳሜ በዓላቸው ላይ አልገኝም፣ የሺም አትገኝም፤ ለቅሶ ላይ ነን። አንማው የማን ነበር የሚለውን ማወቅ የፈለገ ሰው እዚህ ድረስ ይምጣና እናቱን ይጠይቅ።