ሶፋ ላይ የተደበቀው ሯጭ

ግሌንዴል፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠና እንደሚነሳብሽ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ልጠይቅ ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቱም ደህና ነው፤ ሒሳቡ ብቻ አስቸግሮኛል።

ባለፈው እሁድ በስልክ «ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ ከኅዳር ጀምሮ ሎውሪ ሰፈር እትዬ ፈትለወርቅ ቤት ትገቢያለሽ» ስትይኝ ዝም አልኩሽ። ዝም ማለቴን እንደ እሺታ ወስደሽው ለእትዬ ፈትለወርቅ ደውለሻል። እሷም አልጋ አንጥፋ እየጠበቀችኝ ነው። እማዬ፣ እሺ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። ስልክ ላይ ቃል እንደማይወጣልኝ ታውቂያለሽ። ስጽፍ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ከአጎቴ ቤት አልወጣም። ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ መጨረሻ ላይ እንዳይደነግጥሽ ነው። አሁን ምክንያቱን አንብቢልኝ፤ ከፈለግሽ ከዚያ በኋላ ተቆጪ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ጎረቤታችን የእማማ ዘነቡ ልጅ ቃለአብ፣ ያ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲያባርረው ያደገው ልጅ፣ ከሩጫ ክለቡ ጋር ለውድድር ዴንቨር መጣ። ውድድሩ አልቆ ቡድኑ ወደ ኤርፖርት ሊሄድ ሲል እሱ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ በሆቴሉ የጓሮ በር ወጣ። እዚህ የሚያውቀው ስልክ የአጎቴን ብቻ ነበር። የሰጠሽውም አንቺ ነሽ፤ «ወንድሜን እንዳሻውን ሰላም በልልኝ» ብለሽ። ሰላም ሊል መጣና ቀረ።

ፓስፖርቱ ግን የክለቡ ኃላፊ አቶ ወልደገብርኤል ኪስ ውስጥ ነበር። እሳቸው የሯጮቹን ፓስፖርት ሁሉ ሰብስበው ነው የሚይዙት። ሌሎቹን ልጆች ሸኝተው፣ ቃለአብን ሳይዙ እንደማይመለሱ ተናግረው ዴንቨር ቀሩ። ቃለአብ ደግሞ «ከተመለስኩ አለቀልኝ» አለ። ለምን እንደሆነ ለአጎቴና አብሮት ለሚኖረው ለጋሼ ብዙነህ በሩን ዘግቶ ነገራቸው። ሲወጡ የጋሼ ብዙነህ ዓይን ቀልቶ ነበር። አጎቴም «ልጁ እዚህ ይቆያል» አለ። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ቢሮ ያላት አንዲት ጠበቃ ጥገኝነት እንዲጠይቅ ወረቀቱን ጀመረችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የስለላ ድርጅት ሆነ። አለቃው ጋሼ ብዙነህ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስለሚሠራ፣ ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚያዩትን የስለላ ፊልም አብሯቸው አይቶ ጨርሶታል። ስልክ ላይ የቃለአብ ስም እንዳይነሳ ከለከለ፤ «ሶፋው» እንድንለው አዘዘ፣ ሶፋ ላይ ስለሚተኛ። አጎቴ የኤርፖርት ቫኑን እየነዳ ይደውልና «ሶፋው ምሳ በላ?» ይላል። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንዲህ ሲል እትዬ ፈትለወርቅ ሰማችው። «አዲስ ሶፋ ከገዛችሁ አሮጌውን ለኔ» ብላ እስከዛሬ ትጨቀጭቀናለች።

ፎጣም ነበር። በረንዳው ላይ ነጭ ፎጣ ከተሰቀለ ሰላም ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ አደጋ አለ፣ ወደ ቤት አትግቡ። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ብዙነህ ሰማያዊ ፎጣ አይቶ ግሌንዴልን በመኪና ሲዞር አረፈደ። ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ደወለ።

«እንዳሻው፣ ከበቡን?»

«ማን?»

«ፎጣው ሰማያዊ ነው!»

«ልብስ አጥቤ ነው እንጂ። ይልቅ ሽንኩርት ይዘህ ና።»

ከሁሉ የከበደው ሯጭ መደበቅ ነበር። ሌላ ሰው ይተኛል፣ ቴሌቪዥን ያያል። ቃለአብ ግን ገና ሲነጋ እግሩ ይነሳበታል። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ባለበት ይሮጣል፤ ከታች ያለችው ሴትዮ ጣሪያዬ ሊወርድብኝ ነው ብላ መጣች። ጋሼ ብዙነህ ያን ሆዱን ይዞ በር ላይ ቆመና ዙምባ የሚባለውን የዳንስ ስፖርት የጀመርኩት እኔ ነኝ አላት። ከላይ እስከታች አየችው። ከዚያ «መቼ መቼ ነው? እኔም ልምጣ» አለች።

እየሳቅን ሳለ ነው ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጦ መስኮታችንን ሲያይ ያገኘሁት። በማግስቱም መጣ። ቡድኑን በመኪና ሲያመላልስ የነበረ፣ አቶ ወልደገብርኤል የላኩት ሰው መሆኑን ቃለአብ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቶ አወቀ። እንግዲህ ማን ነገራቸው? ከእኛ ከአራታችንና ከጠበቃዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ጋሼ ብዙነህ እንጀራና ዳቦ የምንገዛባትን ማህፉዛን ጠረጠረ። ሱቋ ፒዮሪያ ላይ ነው። «ዳቦ አበዛችሁ፣ ማን መጣባችሁ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«እምነት ትሂድና ትከታተላት» አለ። «እሷን ማንም አያያትም።»

እውነቱን ነው፤ እኔን ማንም አያየኝም። በርበሬና ሽሮ የተደረደረበት መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ማህፉዛን ማየት ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ነኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቀና ሳትል «አንቺ ልጅ፣ የሽሮውን ዋጋ ገና ሸምድደሽ አልጨረስሽም?» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ነይ እስቲ። መጀመሪያ ሻይ ጠጪ፣ ስለላው ይደርሳል።»

ከባንኮኒው ሥር አንድ እቃ አወጣች። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ያመጡትን መልእክት ሁሉ እሷ ሱቅ አስቀምጠው ነው የሚሄዱት፤ ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል። ይሄኛው በአቡጀዲ የተሰፋ ጭኮ ነበር። ቅቤው ወጥቶ ጨርቁን አርሶታል። ላዩ ላይ በትልቁ «ለልጅ ቃለአብ፣ በእንዳሻው ቤት» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ባንኮኒዬ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር» አለች። «አንድ የሩጫ ክለብ ቱታ የለበሱ ሰውዬ ውኃ ሊገዙ ገብተው ቆመው አነበቡት። እንዳሻው የት ነው የሚኖረው ሲሉኝ ፊታቸው አላማረኝምና ሎውሪ አልኳቸው። ሎውሪ አንድ ቀን ሙሉ ሲዞሩ ዋሉ አሉ። በኋላ ከሌላ ሰው ጠይቀው ደርሰውባችሁ መሆን አለበት። ለዚህ ነው እኮ ዳቦ አበዛችሁ ያልኩት! ነገሩን እንዲያነሱልኝ ነበር። ጋሽ ብዙነህ ግን ዳቦውን ይዞ ሮጠ።»

እኔ እሷን እየሰማሁ ዓይኔ ስፌቱ ላይ ነበር። ሰማያዊ ክር፣ ድርብ ስፌት፣ ጥጉ ላይ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ስትሰፊልኝ እንዲሁ ነበር የምትቋጥሪው።

እማዬ፣ አንቺ ነሽ። በቪዲዮ ስናወራ ቃለአብ ከኋላዬ ሲያልፍ አይተሽዋል። ማነው ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም። በቀጥታ እማማ ዘነቡ ዘንድ ሄደሽ «ልጅሽ ወንድሜ ቤት ነው፣ አታልቅሺ» አልሻት። ጭኮውን እሷ ሠራች፣ አንቺ ሰፍተሽ ላክሽ። ለአጎቴና ለጋሼ ብዙነህ ስነግራቸው ጭኮውን መሃላቸው አስቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቃለአብ ግን አልሳቀም። የእናቱን ጭኮ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ ያን ቀን አልሮጠም።

ከዚያ በኋላ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ ያየሁት እኔ ነኝ። አቶ ወልደገብርኤል ሙዝና ብርቱካን በላስቲክ ይዘው ቆመዋል። ጋሼ ብዙነህ ቃለአብን ሶፋው ላይ አስተኝቶ እስከ አናቱ ጋቢ አለበሰው።

«የታመምክ አሮጊት ነህ። አትተንፍስ።»

«ሳልተነፍስ እንዴት እሆናለሁ?»

«በቃ እንደ አሮጊት ተንፍስ!»

አጎቴ ደግሞ በሩን ከፍቶ «ይግቡ እንጂ፣ ደጅ አይቁሙ» ይላል። ይኸውልሽ የኛ ሰላዮች! የሚያሳድደን ሰው እንኳ ቢሆን በር ላይ ማቆም አይችሉም።

አቶ ወልደገብርኤል ተቀመጡና ወደ ሶፋው አዩ። «እኚህ እናት ማን ናቸው?»

«አክስቴ ናቸው» አለ ጋሼ ብዙነህ። «አየሩ አልተስማማቸውም።»

«እግዚአብሔር ይማርዎት፣ እማማ።»

ከጋቢው ውስጥ በጣም ቀጭን ድምፅ «አሜን» አለ። ጋቢው ግን አጭር ነው፤ ከታች እግሩ ወጥቷል። ጥፍሩ የጠቆረ፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ እግር። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሯጭ እግር ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እማማ ማራቶን ይሮጣሉ እንዴ?» አሉ።

ቃለአብ ጋቢውን ገልጦ ተነስቶ ተቀመጠ። አቶ ወልደገብርኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ ከኔ ጋር ትሳፈራለህ። እምቢ ካልክ ግን ስልክህ ላይ ያየሁትን ለአባትህ እነግረዋለሁ» አሉት። ቀጥለው ወደ አጎቴ ዞሩ። «እናንተም ብትሆኑ ዝም ብትሉ ይሻላችሁ ነበር። ሁለት ወንድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይህን ሁሉ ዘመን! የሚወራውን አልሰማሁም መሰላችሁ?»

አጎቴ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ጋሼ ብዙነህ አንዱን ብርቱካን አንስቶ ያገላብጠዋል። ያ ሁሉ ቀልዱ የት እንደገባ አላውቅም። እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

«የሚወራውን እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ። «ፓስፖርቱን ያስቀምጡና ይሂዱ። የሰው ፓስፖርት ነጥቆ መያዝ እዚህ አገር ወንጀል ነው ብላለች ጠበቃዋ። ቁጥሯ ይኸው፤ ልደውል?»

አቶ ወልደገብርኤል ገና ያን ጊዜ አዩኝ። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የዚህ ቤት ልጅ ነኝ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጋሼ ብዙነህ ቀና ብሎ አየኝ። እሳቸው ተነስተው ወጡ፤ ሙዙን ረስተውታል። በማግስቱ ማህፉዛ ደውላ «እቃ መጥቶላችኋል፤ ይሄኛው አይንጠባጠብም» አለችን። ፓስፖርቱን በፖስታ አሽገው ባንኮኒዋ ላይ አስቀምጠው ሄደዋል።

አሁን ቃለአብ በጠራራ ፀሐይ የሰፈራችንን ወንዝ ተከትሎ ይሮጣል። ወረቀቱ ገና ነው፤ ጠበቃዋ ግን ተስፋ አለው ትላለች። አቶ ወልደገብርኤል አገር ገብተው ያወሩት ወሬ ደብረ ብርሃን መድረሱን አውቃለሁ። ውጪ ያልሽኝም ለዚያ ነው። ስለ ቃለአብም ብዙ ይሉ ይሆናል። እማማ ዘነቡ መጥታ ከጠየቀችሽ ጭኮው ደርሶታል፣ ከስቶ የነበረው ተመልሷል በያት። የቀረበት ምክንያት የራሱ ነው፤ መናገር ሲፈልግ ራሱ ይነግራታል።

ስለ አጎቴ ደግሞ ያየሁትን ልንገርሽ። አባዬ ሲሞት እኔ እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ሁለቱ በተራ የክፍሌ በር ሥር ይቀመጡ ነበር። በረዶ ሲጥል ጋሼ ብዙነህ ቀድሞ ወርዶ የአጎቴን ቫን ያሞቃል። ባለፈው ክረምት አጎቴ ለኩላሊት ጠጠሩ ሆስፒታል ሲተኛ ነርሷ ጋሼ ብዙነህን «ምኑ ነህ?» አለችው። «ሩምሜት» አለ፤ ቤት አብሮ የሚከራይ ማለት ነው። ከአልጋው ማዶ ቆሜ ፊቱን አይቼዋለሁ። እንደዚያ ያለ ፊት ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ለዚህ ነው የማልወጣው።

ለእትዬ ፈትለወርቅ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ። አሮጌው ሶፋ እንደማይሸጥም ጨምሬ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከዚህ በፊት የላክሽው እቃ ሁሉ «ለእንዳሻው» ነው የሚለው። ጋሼ ብዙነህ ግን በሶውን በበላ ቁጥር «እጇ ይባረክ» ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ለገና ስትልኪ የሁለቱንም ስም ጻፊበት። በትልቁ ጻፊው። ማህፉዛ ባንኮኒ ላይ ይቀመጥ፤ የሚያነብ ያንብበው።

ጉልበትሽን በሙቅ ጨርቅ እሰሪ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ልብሽን ያራራልኝ።

የአንቺም፣ የዚህ ቤትም ልጅ
እምነት