ገዳዩ ጀልበኛው ነበር

ጌትዬ፣ የልጄ አባት፣

ከሄድክ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሞላህ። ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ቦታ ሕመም እንደሌለ ፓስተራችን ነግረውናል። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም። ተናድጄብሃለሁ፤ ምክንያቱን በገዛ እጄ ጽፌ ልንገርህ።

አዎ፣ በገዛ እጄ። በሕይወት እያለህ ፊደል ልቁጠር ባልኩ ቁጥር “እኔ እያለሁልሽ ምን ያደክምሻል” ትለኝ ነበር። ደብዳቤውን አንተ ታነብልኛለህ፤ ቅጹን አንተ ትሞላልኛለህ። ከቀብርህ በኋላ የመጣውን ፖስታ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳለቅስ ልጃችን ሜሮን አገኘችኝና ቤተ ክርስቲያን ለልጆች በሚሰጠው የፊደል ክፍል አስመዘገበችኝ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ሀ ሁ አልኩ። ከዚያ እዚሁ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ያለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ የእንግሊዝኛውን ጨመርኩበት። መስማቱንማ ሥራ አስተምሮኛል፤ የጎደለኝ ፊደሉ ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሜሮን ሳን ሆዜ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ ከኦክላንድ አልወጣም ብያታለሁ። ያንተን ወንበር ከመስኮቱ አንስቼ ቴሌቪዥኑ ፊት አድርጌዋለሁ። አሁን የምቀመጥበት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የጀርመን የወንጀል ፊልም ሳናይ የቀረንበትን ጊዜ አላስታውስም። በወጣትነትህ ጀርመን አገር፣ ሮስቶክ ወደብ የመርከብ ሞተር ጥገና ተምረህ ስለነበር ቋንቋቸው ካፍህ አልጠፋም። የአሜሪካኖቹ ፊልም የትም አገር ሊሆን ይችላል፣ ጀርመኖቹ ግን መጀመሪያ ቦታውን ያሳዩሻል፣ ሰው የሚገድለውም የሚያዘውም በቦታው ጠባይ ነው ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው። ጉሙን፣ ቀዩን የጡብ ቤት፣ ዝናብ የማያቆምበትን ወደብ ከዚህ ሰፈር እኩል አውቀዋለሁ። አንተ ትተረጉማለህ፣ ሁለታችንም ገዳዩን እንገምታለን፣ የተሸነፈ ሻይ ያፈላል። ሁልጊዜ የማፈላው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ወር ሜሮን መጥታ ያን የደሴቱን ፊልም ከፈተችልኝ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሽና መሬቱ ጭቃ ይሆናል፤ ሰዉ በእግሩ ወደ ደሴቱ ይሻገራል፤ አንዲት አስተማሪ ተገድላ ትገኛለች። ድሮ አብረን ስናየው ገና ከመጀመሪያው ጀልበኛው ነው አልኩህ። በእግሬ ተሻግሬ መጣሁ ብሏል ብለህ ተረጎምክልኝ፤ ቦቲው ላይ ግን ጭቃ አልነበረም። ሳኒቬል የቢሮ ወለል አሥራ ስምንት ዓመት ያጸዳሁ ሰው ነኝ። ማን ከየት እንደመጣ ጫማው ይነግረኛል። በመጨረሻም ጀልበኛውን በካቴና አስረው ሲወስዱት በዓይኔ አየሁ። አንተ ግን ሳቅክና “አይ አንቺ፣ የወንድሙን ጥፋት ተሸክሞ እኮ ነው! ገዳዩ ወንድምየው ነው፤ ሲናገር አልሰማሽም?” አልከኝ። በጀርመንኛ ምን ልስማ? የታሰረውን ሰው እያየሁ አንተን አመንኩ። ተነስቼም ሻዩን አፈላሁ።

አሁን ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፊልሙን እያቆምኩ አነበብኩት። ስለ ወንድምየው ጥፋት አንድ ቃል የለም። ገደልኳት የሚለው ጀልበኛው ራሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይለዋል። በትክክል አንብቤው እንደሆነ ሜሮንን ጠየቅኳት፤ ያንተን ትርጉምም ነገርኳት። ሶፋው ላይ ተንከባለለች። “ኦ ማይ ጋድ፣ እማ! ዳድ ቺት ሲያደርግሽ ነበር!” እኔ አልሳቅኩም። በሳምንቱ ሌላ ፊልም ከፈትኩ፤ ከዚያም ሌላ። ደግሜ ካየኋቸው ሰባት ፊልሞች በአምስቱ ትክክል ነበርኩ።

ነገሩ ሻይ ብቻ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ግን ጌትዬ፣ ዓይንህ ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ቀበቶህ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ መግባቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ “ደግሞ ምርመራ ጀመርሽ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ትክክለኛውን ሰው ይዘሽ ታውቂያለሽ?” አልከኝና ሁለታችንም ሳቅን። እኔም የማየው ሁሉ ስሕተት ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። አራት ወር ሙሉ! በኋላ ሐኪሙ የጉበትህን ፎቶ አይቶ፣ ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን ምናልባት አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።

ለምን እንዳደረግከው ይገባኛል። ኤርፖርት አውቶቡስ እየነዳህ፣ የሰው ሻንጣ እያነሳህ፣ ልጅህ የሚሆኑ አለቆች ሲቆጡህ ትውላለህ። ሮስቶክ ምን ተማርክ ብሎ የጠየቀህ የለም። ቤት ስትገባ አዋቂው አንተ ነበርክ፤ ያም ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንተ አዋቂ ለመሆን እኔ የግድ ማየት የማልችል መሆን ነበረብኝ? አንድ ቅዳሜ ሻይ ብታፈላ ምን ይቀርብህ ነበር?

የመቃብር ድንጋይህ ላይ “ታማኝ ባልና አባት” ተብሎ ተቀርጿል። ያን ጊዜ ሜሮን አንብባልኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ሄጄ ራሴ አነበብኩት። አላስፍቀውም፤ በሌላው ነገር ሁሉ እውነት ነው።

እንደማልረሳህ ቃሌን እሰጥሃለሁ። ነገር ግን የማስታውስህ አንተ እንደተረጎምክልኝ ሳይሆን እኔ እንዳየሁህ ነው።

ሚስትህ ወርቅነሽ