ሳናየው የወጣንለት ቤት

ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለዘይኑልአቢዲን፣ አሰብ ወደብ ባለህበት ይድረስህ። አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? የአገሩ ሙቀት እንደምን አድርጎሃል? ያ ጭነት ስታወርድ የተጎዳው ወገብህስ ተሻለህ? ኡሙሰልማ ደህና ናት? በሺር እግር አውጥቶ መሮጥ ጀመረ? እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። የምነግርህ ብዙ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ደብተራ ስማቸው ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ የተወቀጠ በርበሬ አጠገቡ ስላለ በመካከሉ ያስነጥሰዋል። ደግ ሰው ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ላለዝበው ይለኛል። እኔ ግን ከአፌ እንደ ወጣ ጻፈው ብዬዋለሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ የላክኸው ወረቀት ዛሬም እጄ ላይ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ሙሄዲን የሚባል ነጋዴ አግኝቻለሁ፣ ከመንገዱ ዳር ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊያከራየን ተስማምተናል፣ ዱዓ አድርገን ጨርሰናል፣ ግንቦት ሲያልቅ ትገባላችሁ፣ ለሆጤዋ አከራያችሁ ዛሬውኑ ንገሯት ይላል። ጣሊያን መንገዱን ካወጣው ወዲህ ካሚዮናችሁ ከአሰብ ወጥቶ ኮምቦልቻ ላይ እንደሚመለስ፣ ሹፌሩም ደሴ ድረስ እንድትወጣ እንደማይለቅህ እናውቃለን። እናታችን ድምፅህን ከሰማች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ኮምቦልቻ ብንወርድ በየጉዞህ እኛ ዘንድ ታድራለህ፣ ፊትህን በእጇ ትዳስሳለች። ወረቀቱ ሲነበብላት ያለቀሰችውን ለቅሶ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ መጀመሪያ ወርጄ ቤቱን ልየው ብዬ ነበር። ቁልቁለት ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ምን ያግደኛል? እናታችን ግን ተቆጣች። ልጄ ዱዓ አድርጌበታለሁ ያለውን ነገር ሄደሽ ልትመረምሪ ነው ወይ አለችኝ። መውረዱን ተውኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ የተውኩት እሷን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ከአከራያችን ከእትዬ ፀሐይነሽ ቤት የምወጣበትን ቀን እኔም ስናፍቀው ኖሬያለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙቀጫዬን ባወጣሁ ቁጥር ከደጇ ቆማ ታስነጥሳለች፣ ጉሮሮዬን አቃጠልሽው ትለኛለች። በርበሬ ሰኞ ገበያ አውጥቼ ሽጬ እንደምኖር ታውቃለች፤ ታዲያ ምን ልወቅጥላት ኖሯል?

እናም ደብተራ ስማቸውንና አንዲት ጎረቤት ምስክር ይዤ ሄድኩና፣ እንደ ወጉ፣ ግንቦት ሲያልቅ ቤትሽን ልለቅ ነው አልኳት። እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ የምትገቢበትን ቤት በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ አለችኝ። ቀናችብኝ ብዬ ደሜ ፈላ። በሆዴ ያስቀመጥኩትን የአሥራ ሁለት ዓመት ነገር በእነዚያ ሰዎች ፊት ዘረገፍኩት። ከምላስሽ ተገላገልኩ፣ እኔ ቆርቆሮ ቤት ልገባ ነው፣ አንቺ ከሚያፈስ ሣር ክዳንሽ ጋር ቅሪ አልኳት። ደብተራ ስማቸው አሁን ይህን ሲጽፍ አንገቱን ደፍቷል። እሷ ግን ይቅናሽ ብላ ገባች።

ወሩ ሲያልቅ ዕቃችንን በሁለት አህያ ጫንኩ። እናታችንን ለምኜ ባገኘሁት በቅሎ ላይ አወጣኋት። ከመውጣቷ በፊት ቤቱን ተሰናበተችው። ዓይኗ ከጨለመ ስድስት ዓመቷ አይደል፣ ያን ቤት በእጇ ነው የምታውቀው። ከመኝታዋ እስከ ምሰሶው አራት እርምጃ ነው፣ ከምሰሶው እስከ በሩ ሦስት፣ ነጠላዋን የምትሰቅልበት ችንካር ከበሩ በስተቀኝ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ቁልፉን ለእትዬ ፀሐይነሽ ሰጠኋትና ፊቴን ሳላዞር ወረድኩ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙሄዲን ከደጁ ቆሞ ነበር። አህዮቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ግቡም አላለን፣ አራግፉም አላለን። ሚስቱ ጣይባ ወጣች። አስቀድማ ለእናታችን ወተት ሰጠቻት፣ ከዚያ እኔን ወደ ጎን ወሰደችኝ። ቤቱ የእሷ ነው። ኒካ ሲታሰርላት መህር ተብሎ ከባሏ የተሰጣት ነው፤ አሁን ደግሞ ልታገባ ለደረሰች ልጇ አስባዋለች። ባሏ ከአንተ ጋር ዱዓ አድርጎ መጥቶ ሲነግራት በዚያው ቀን አይሆንም ብላዋለች። እህቴ፣ ማንም እኮ እኔን አልጠየቀኝም አለችኝ። በክፋት አልተናገረችም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንዲያው እል ነበርና ልቆጣት አልቻልኩም።

ሙሄዲንን ግን አልለቀቅኩትም። ነገሩ ከፈረሰ ምነው አንድ ሰው እንኳ ብትልክብን አልኩት። ወላሂ ለዘይኑ ለራሱ ነግሬዋለሁ አለኝ። ግንቦት አሥር ቀን ካሚዮናቸው እዚህ ሲቆም ፊት ለፊት ነገርኩት፣ እሱም አንተ ተወው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ ብሎ ማለልኝ። ዘይኑ፣ የእናቴ ልጅ፣ እውነት ነው? በሚስቱ ቤት ላይ ዱዓ ያደረገ ሰው ነውና መሐላውን ማመን አልፈለግሁም ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ከትከሻህ ላይ ዳሩ ቀይ የሆነ ጋቢ ነበር አለኝ። እኔ ፈትዬ ያሠራሁልህ ጋቢ ነው። ይህን ከየት ያመጣዋል?

ጣይባ እዚያው ቤቷ አሳደረችን፣ በማግስቱ ዝናብ እየወረደብን ዳገቱን ወጣን። ሆጤ ስንደርስ አንዲት የማናውቃት ሴት ደጃፋችንን ትጠርጋለች፤ የአናጢ ሚስት ናት። እትዬ ፀሐይነሽ ወጥታ አየችን። ለአናጢው ግንቦት ሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ቃሌን ሰጥቼዋለሁ፣ ልጆች ይዞ የገባን ሰው አላስወጣም አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ሳልሰጥ የቆየሁት ምናልባት ሐሳብሽን ትለውጪ እንደሆን ብዬ ነበር አለችኝ። እንግዲህ ቁጠረው። ከግንቦት አሥር እስከ ሃያ አንድ አሥራ አንድ ቀን ነው። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ በአንድ ሹፌር አፍ፣ ነገሩ ፈርሷል፣ አትውጡ ብለህ ብትልክ ኖሮ እናታችን ዛሬ ከምሰሶዋ አጠገብ ነበረች።

ከዚያ እትዬ ፀሐይነሽ ማድቤቱን ለማንም አልሰጠሁትም አለችና እንጨቷን በገዛ እጇ አውጥታ ለቀቀችልን። ስለተናገርኳት ነገር አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብትሰድበኝ እላለሁ። ጠዋት ጠዋት አብሽሪ ሳፊያ ትለኛለች፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልችልም። አሁን ስወቅጥ የምታስነጥሰው እናታችን ናት።

የራሴን ጥፋት አልክድም። ዱዓ መደረጉን ሰማሁና ቤቱ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ቁልፉን በእጄ ሳልይዝ፣ የያዝኩትን ለቀቅሁ። በዚያ ላይ አፌን ከፈትኩ። ስለዚህ አላህ ይጠይቀኝ። ስለ አሥራ አንዱ ቀን ግን እኔ አንተን እጠይቅሃለሁ።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገርህ። እናታችን ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ ግድግዳውን በእጇ ተከትላ ትሄድና የድሮውን በር ትገፋዋለች። አንዳንድ ቀን የአናጢው ሚስት ከፍታ፣ እጇን ይዛ ወደ እኛ ታመጣታለች። ረስቼ ነው ትላለች እናታችን፣ ይቅርታም ትጠይቃለች። በገዛ በሯ ላይ ይቅርታ ስትጠይቅ መስማት ለእኔ ከባድ ነው።

ሙሄዲን ስለ አንተ የነገረኝን አልሰማችም ብዬ ነበር፤ በበቅሎዋ ላይ ራቅ ብላ ነበረች። ዛሬ ደብተራ ስማቸው ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ ለዘይኑ ምን ልበልልሽ አልኳት። ኮምቦልቻ ገብተናል፣ ቤቱ ሞቃት ነው በይው አለችኝ። ለምን እዋሻለሁ ብላት፣ ያለንበትን ካወቀ አፍሮ ሳይመጣ ይቀራል አለችኝ። ሰምታለች ማለት ነው፣ ዘይኑ። ሁሉንም ሰምታ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ስምህን በክፉ አላነሳችም።

እኔ እንዳዘዘችኝ አላደረግሁም፣ ያለውን ጽፌልሃለሁ። ስትመጣ ኮምቦልቻ ላይ አትፈልገን። ሹፌሩን ለምነው፤ እምቢ ካለህ በእግርህ ውጣ፣ እናታችን በዝናብ ወጥታዋለች። ሆጤ ስትደርስ የድሮውን በር እንዳታንኳኳ፣ የሰው ቤት ነው። በጓሮ ዞረህ ና።

ኡሙሰልማን ሰላም በልልኝ፤ ወደፊት ቤት ስትለውጡ ቤቱ የማን እንደሆነ እሷ ትጠይቅ እንጂ ለአንተ አትተወው። በሺርን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። ሹፌርህንም፣ ምንም ባይለቅህ፣ ሰላም በለው። ደብተራ ስማቸው ሰላም ብሎሃል። እትዬ ፀሐይነሽም ወንድምሽ እንደምን ነው እያለች ትጠይቃለች። እናታችን ሰላም ብላሃለች፤ ቤቱ ሞቃት ነው ብላሃለች።

እህትህ ሳፊያ

ደሴ፣ ሆጤ፣ ከእትዬ ፀሐይነሽ ማድቤት
ሰኔ 12 ቀን 1931 ዓ.ም.